በጠመኔና በመርፌ፤ ለእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት የደከሙ በጎ ፈቃደኞች የተገለገሉባቸው ተራ ዕቃዎች

መግቢያ

በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ የጠላት ወረራ ዘመን አርበኞች ባረፉበት ስፍራ፣ የአንዲት እንግሊዛዊት ሴት መቃብር ይገኛል። ይኸውም የሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብር ነው። እኒህ ሴት ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ በእንግሊዝ አገር አቋቁመው ስለ ነጻነታችን እንደ ተሟገቱ፣ በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥተው እንደ ተቀመጡ፣ በ1960ም በዚሁ እንዳረፉ አብዛኞቻችን ተምረናል። ነገር ግን እኒሁ ሴት በ1912 ቦው በተባለው የሎንዶን ምሥራቃዊ ሠፈር፣ ቀድሞ የዳቦ መሸጫ በነበረ ሱቅ ግንባር ላይ፣ መሰላል አቁመው ወጥተው በወርቅማ ቀለም «ድምፅ ለሴቶች» ብለው በገዛ እጃቸው እንደ ጻፉ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለዚህ አጭር ጥናት መነሻ የሆነን ያ መሰላልና ያ የቀለም ብሩሽ ነው።

የእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት ታሪክ በተነሣ ቍጥር ሁለት ነገሮች ቀድመው ይጠራሉ። አንደኛው የጥቂት ታላላቅ ሴቶች ስም ነው፤ ሁለተኛውም የመስኮት መስበርና የእስር ቤት ነገር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ ብቻ ታሪኩን አይሞሉትም። ሃምሳ ዓመት የፈጀ ሥራ በየቀኑ የሚሠራው ሰው ይፈልጋል። ይህንንም ሥራ የሠሩት ደመወዝ ያልተከፈላቸው፣ ከሞላ ጐደል ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው። እነርሱን የምናገኛቸው በንግግር መጻሕፍት ሳይሆን በእጃቸው በነበሩት ዕቃዎች ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ወረቀቱን፣ ጠመኔውን፣ ቃጭሉን፣ መርፌውንና የሻይ ስኒውን በየተራ እንመለከታለን። በመጨረሻም ዕቃ ለታሪክ ጸሐፊ እስከ ምን ድረስ ምስክር ሊሆን እንደሚችል እንጠይቃለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

፩ ወረቀትና ብዕር

ድምፅ የሌለው ሰው ወደ ሕግ አውጪዎች የሚቀርብበት የታወቀው መንገድ አቤቱታ ነው። በእንግሊዝ አገርም የሴቶቹ ሥራ የጀመረው በአቤቱታ ወረቀት ነበር። በ1866 ወደ 1,500 የሚሆኑ ሴቶች የፈረሙበት ጽሑፍ ተዘጋጀ። ጽሑፉን ወደ ዌስትሚንስተር አዳራሽ ይዘው የሄዱት ኤሚሊ ዴቪስና ኤልሳቤጥ ጋሬት ሲሆኑ፣ ተቀብለው ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡላቸው ፈላስፋውና የምክር ቤት አባል የነበሩት ጆን ስቱዋርት ሚል ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ሚልን ሲጠብቁ ትልቁ ጥቅል የሰው ዓይን ስለ ሳበባቸው፣ በአዳራሹ ውስጥ ፖም ትሸጥ የነበረች አንዲት ሴት ከጠረጴዛዋ ሥር እንድትሸሽግላቸው ለመኑአት። እርስዋም ሸሸገችላቸው። ሚልም በመጡ ጊዜ ጥቅሉ ከፖሙ ሥር ወጥቶ ተሰጣቸው። በሚከተለው ዓመት ሚል በምርጫው ሕግ ላይ «ወንድ» የሚለው ቃል «ሰው» በሚል እንዲለወጥ አሳብ ቢያቀርቡ በ196 ድምፅ ተቃውሞና በ73 ድምፅ ድጋፍ ወደቀ። የሚል ስም በየመጽሐፉ አለ፤ የፖም ሻጭዋ ስም ግን አብሮ ሲጠራ አይሰማም።

ከዚህ በኋላ አቤቱታው እየሰፋ ሄደ። በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ በ1900 የተጀመረው ፊርማ በ1901 ወደ ሎንዶን ሲደርስ 29,359 ስም ነበረበት። ወስደው ያስረከቡትም 15 የፋብሪካ ሴቶች ናቸው። ይህ ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት እናስብ። አንድ ፊርማ ማለት አንድ ሰው ቆሞ ያዳመጠበት፣ አንድ ጥያቄ የተመለሰበት ጊዜ ማለት ነው። በጎ ፈቃደኛዋ ወረቀትና ቀለም ይዛ በፋብሪካ በር ላይ ቆማ፣ ከዐሥር ሰዓት ሥራ በኋላ ወደ ቤትዋ የምትጣደፈውን ሴት «ጥቂት ጊዜ ስጪኝ» ማለት ነበረባት። ወረቀቱ ርካሽ ነበረ፤ ጊዜው ግን ርካሽ አልነበረም።

በብሪታንያ ግዛት ሥር በነበረችው በኒውዚላንድ የሆነውንም ለማነጻጸር ብንጠቅሰው አንሳሳትም። በዚያ ኬት ሼፐርድ የሚባሉት ሴት በ1893 ከየአውራጃው የመጡላቸውን ከ25,000 የሚበልጡ ፊርማዎች የያዙ ወረቀቶች ጫፍ ለጫፍ አጣብቀው በመጥረጊያ እጄታ ቍራጭ ላይ ጠቀለሉት። ሰር ጆን ሆል የተባሉት የምክር ቤት አባል ጥቅሉን በምክር ቤቱ መካከል ሲለቁት እስከ ግድግዳው ድረስ ተተረተረ። በዚያው ዓመት መስከረም 19 ቀን የኒውዚላንድ ሴቶች የመምረጥ መብታቸውን አገኙ። ሴት ቤትዋን እንድትጠርግበት የተሰጣት መጥረጊያ የአቤቱታዋ ምሰሶ ሆነ።

፪ ጠመኔ፣ ቃጭልና ሰሌዳ

በእንግሊዝ አገር ግን አቤቱታው ሲቀርብና ሲወድቅ ብዙ ዓመት አለፈ። በ1903 ሚስስ ኤመሊን ፓንክኸርስት ከልጆቻቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር በማንቸስተር ከተማ የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1905 ጥቅምት 13 ቀን ልጃቸው ክሪስታቤልና የፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩት አኒ ኬኒ በዚያች ከተማ በተደረገ የፖለቲካ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ጥያቄ አቀረቡ። መልስ ባጡ ጊዜ «ድምፅ ለሴቶች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ዘረጉ። ተጎትተው ወጥተው ተከሰሱ፤ መቀጮውን አንከፍልም ብለው ታሰሩ። በ1906 «ደይሊ ሜይል» የተባለው ጋዜጣ እንዲህ ያሉትን ሴቶች ለመሳለቅ «ሰፍራጄት» የሚል ስም አወጣላቸው። እነርሱም ስድቡን ተቀብለው መጠሪያቸው አደረጉት።

ይህ ሁሉ ወሬ ሲሆን፣ ከወሬው በኋላ የሚሠራው ሥራ በጠመኔ ነበር። ማኅበሩ ስብሰባ በሚያደርግበት ቀን በጎ ፈቃደኞች በየሠፈሩ ተሠማርተው በእግረኛ መንገድ ድንጋይ ላይ ቦታውንና ሰዓቱን በትልልቅ ፊደል ይጽፉ ነበር። ለምን ጠመኔ? መልሱ ቀላል ነው። ማስታወቂያ ለማሳተምና ግድግዳ ለመከራየት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ጋዜጣም የሚጽፍላቸው ሲሳደብ ካልሆነ በቀር አልነበረም። ጠመኔ ግን በኪስ ይያዛል፤ ዋጋውም ኢምንት ነው፤ ጽሑፉም ሁሉ ሰው በሚረግጠው ስፍራ ስለ ሆነ ሳይነበብ አይታለፍም። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ዝናም ይደመስሰዋል፣ እግር ያጠፋዋል። ስለዚህ የትናንቱ ለዛሬ አያገለግልም። ጐንበስ ብሎ መጻፍ፣ የአላፊ አግዳሚውን ፌዝ በጀርባ መስማት፣ በማግሥቱም እንደ ገና መጻፍ ነበር። አንዲት በቤተ ሰብዋ ዘንድ የተከበረች ወጣት ሴት በመንገድ ላይ ተንበርክካ ስትጽፍ መታየት በዚያ ዘመን ምን ያህል ያሳፍር እንደ ነበር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያሻም።

ከጠመኔው ጋር የሚሄደው ቃጭል ነው። በጎ ፈቃደኛዋ በመንገድ ማዕዘን ላይ ቆማ ቃጭል ስታቃጭል ሰው ይሰበሰባል፤ ከዚያ ተናጋሪዋ በወንበር ወይም በሣጥን ላይ ወጥታ ትናገራለች። ቃጭል ሌላም ጥቅም ነበረው። በ1908 በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ዊንስተን ቸርችል ለምርጫ ሲወዳደሩ፣ የሴቶች ነጻነት ሊግ አባል የነበሩት ሜሪ ማሎኒ በየስብሰባው እየተከተሉ ትልቅ ቃጭል እየደወሉ ንግግራቸውን አስተጓጎሉባቸው። ድምፅ ያልተሰጣት ሴት ሌላ ድምፅ አገኘች ማለት ነው።

ደግሞ በፊትና በኋላ የሚንጠለጠል ሰሌዳ ተሸክመው የሚዞሩ፣ በ1907 የተመሠረተውንና «ድምፅ ለሴቶች» የተባለውን የማኅበሩን ጋዜጣ የሚሸጡ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች የሚሄዱትና የሚቆሙት በእግረኛው መንገድ ላይ ሳይሆን ከዳሩ በውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ነበር። ምክንያቱም በእግረኛው መንገድ ላይ የቆመ ሰው መንገድ ዘግቷል ተብሎ በፖሊስ ሊያዝ ስለሚችል ነው። ጭቃው ጫማቸውን፣ የሠረገላው ጐማ ቀሚሳቸውን እያበላሸው ቆመው ይሸጡ ነበር። ስለ ሕግና ስለ ሴቶች መብት ብዙ ከሚናገር መጽሐፍ ይልቅ ይህ የቦይ ነገር ብዙ ያስረዳል ብለን እንገምታለን። ሕጉን የማያወጡት ሴቶች ሕጉን ከማንም በላይ አጥንተውት ነበር።

ይህንኑ የሚያስረዳ ሌላ ታሪክ እንጨምር። በ1909 የካቲት 23 ቀን ዴዚ ሰሎሞንና ኤልስፔት ማክሌላንድ የተባሉ ሁለት ሴቶች የፖስታ ቤት ደንብ ሰውን በመልእክተኛ አድራሻ ማድረስን እንደሚፈቅድ ተረድተው፣ ሦስት ፔኒ ከፍለው ራሳቸውን እንደ ደብዳቤ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ላኩ። የፖስታ ቤቱ ልጅ አደረሳቸው፤ በቤቱ ያለው ሹም ግን አልቀበልም ብሎ መለሳቸው።

፫ መርፌና ክር

በእንግሊዝ አገር እንደ ብዙ አገር ሁሉ ሴት ልጅ በቤትዋ ተቀምጣ ጥልፍ እንድትጠልፍ ትማር ነበር። መርፌ የጭምትነትዋ ምልክት ነው። ይህ ዕቃ ወደ አደባባይ የወጣው ሰንደቅ በመስፋት ነው። በ1907 የተመሠረተውና በሜሪ ላውንድስ ይመራ የነበረው የሠዓልያን ሊግ ለሰላማዊ ሰልፍ የሚሆኑ ሰንደቆችን እየነደፈ ከሴቶች ጋር ሰፋ። ሜሪ ላውንድስ የቤተ ክርስቲያን የቀለም መስተዋት ሠሪ ስለ ነበሩ ሰንደቅ ከሩቅ እንዴት እንደሚታይ ያውቁ ነበር። የየከተማው፣ የየሙያው፣ የታዋቂ ሴቶችም ስም በሐርና በቬሉቶ ላይ ተጠልፎ በ1908 ሰኔ 13 ቀን በሎንዶን መንገዶች ታየ።

ከስምንት ቀን በኋላ ሰኔ 21 ቀን ሰፍራጄቶቹ የራሳቸውን ሰልፍ አደረጉ። ከ70 ከተሞች 30 ልዩ ባቡሮች ሰው አመጡ፤ 7 ሰልፎች ከየአቅጣጫው ወደ ሃይድ ፓርክ ገቡ፤ በ20 መድረኮችም ንግግር ተደረገ። ተመልካቹን የገመቱት ከ250,000 እስከ 500,000 ያደርሱታል። በዚህ ቀን ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለም የማኅበሩ ምልክት ሆኖ ለሕዝብ ታየ። ሐምራዊው ክብርን፣ ነጩ ንጽሕናን፣ አረንጓዴው ተስፋን ያሳያል ተባለ። ቀለሞቹን የመረጡት ሚስስ ኤመሊን ፔቲክ ሎውረንስ ናቸው። ሴቶቹ ነጭ ልብስ እንዲለብሱ ተመከሩ። ነጭ ልብስ በብዙ ቤት የሚገኝ ልብስ ነው፤ የጐደለው ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሀብታም ሚስትና የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ ጐን ለጐን ሲሄዱ ልዩነታቸው በሩቅ አይታይም ነበር። በዓል ሲሆን በነጭ ለሚወጣ ሕዝብ የዚህ ኃይል ግልጽ ነው።

በሕግ መንገድ ብቻ እንሂድ የሚሉት በሚስስ ሚሊሰንት ፎሴት የሚመሩት ሴቶችም የራሳቸው ዕቃ ነበራቸው። የእነርሱ ኅብረት በ1897 ተቋቁሞ ከ1914ቱ ጦርነት በፊት ከ50,000 የሚበልጡ አባሎች ነበሩት። በ1913 ከሰኔ 18 እስከ ሐምሌ 26 ቀን ከየአገሩ ዳርቻ በእግራቸው ወደ ሎንዶን ተጓዙ። እንደ ተሳላሚ የዛጎል ቅርጽ ያለው ምልክት አድርገው፣ ስንቃቸውን በቀይ የትከሻ ቦርሳ ይዘው፣ በየመንደሩ እያስተማሩ ሄዱ። በዚህ ጉዞ ተጓዦቹ መስኮት አልሰበሩም።

፬ የሻይ ስኒና የድምፅ ገንዘብ

ሥራ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። በጎ ፈቃደኞቹም ገንዘብ ያሰባሰቡት በአብዛኛው ከማእድ ቤት ነው። በ1908 የካቲት ወር የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የራስን መካድ ሳምንት ብሎ ዐወጀ። አባሎቹ ሻይ፣ ቡናና ካካዎ ትተው ያተረፉትን ሳንቲም ለማኅበሩ ሰጡ። ሌሎችም የገንዘብ ሣጥን ይዘው በመንገድ ቆሙ። ጾምን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጾሞ ያተረፉትን መመጽወት የቆየ ሥርዓት ነውና።

በ1909 ግንቦት ወር ማኅበሩ በሎንዶን ፕሪንሰስ ስኬቲንግ ሪንክ በተባለ አዳራሽ ትልቅ ኤግዚቢሽን አደረገ። አዳራሹን በሥዕል ያስጌጡት፣ ለሻይ ቤቱ የሚሆኑትን ስኒዎች ምልክት የነደፉትም ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። እሳቸው በማንቸስተርና በሎንዶን የሥዕል ትምህርት የተማሩ ነበሩ። በስኒው ላይ መለከት የሚነፋ መልአክ ተሥሎበታል። ሴቶች ሻይ መቅዳት የቤት ሥራቸው ነው ይባል ነበር፤ እዚህ ግን ያው የሻይ ስኒ የማኅበሩን ገቢ ያስገባል፤ እንግዳውም ጠጥቶ ሳይጨርስ መልአኩን ያያል፤ መጠየቁም አይቀርም።

ይሁን እንጂ ማእድ ቤቱ ረዳት ብቻ ሳይሆን ሸክምም ነበር። ከላንክሻየር ሠራተኞች ወገን የነበሩት ሐና ሚቸል በሕይወት ታሪካቸው እንደ ገለጹት፣ የሠራተኛ ሚስት ለስብሰባ ከመውጣትዋ በፊት ምግቡን መሥራት፣ ልብሱን ማጠብ፣ ስትመለስም የቀረውን መጨረስ ነበረባት። ወንዱ የፖለቲካ ሰው ከስብሰባ ሲመለስ ራቱ ይጠብቀዋል፤ ሴትዋን ግን የምትጠብቃት ያልታጠበችው ድስት ናት። ስለ በጎ ፈቃደኞች ስንጽፍ ይህችን ድስት ከዕቃዎቹ ዝርዝር ብናስቀራት ታሪኩን እናሳምረዋለን እንጂ እውነቱን አንናገርም።

፭ ሰንሰለት፣ መዶሻና መሐረብ

ከዚህ ቀጥለን የታወቁትን ዕቃዎች እንመለከታለን። በ1908 ጥር 17 ቀን ኢዲት ኒውና ኦሊቪያ ስሚዝ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት አጥር ላይ ራሳቸውን በሰንሰለት አሰሩ። ሰንሰለቱ ምልክት ብቻ አልነበረም፤ ፖሊስ እስኪፈታው ድረስ የመናገሪያ ጊዜ ይሰጣል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 28 ቀን ሙሪየል ማተርስና ሔለን ፎክስ ሴቶች ምክር ቤቱን ከኋላው ሆነው በሚመለከቱበት የብረት ፍርግርግ ላይ ታሰሩ። ሊፈቷቸው ስላልቻሉ ፍርግርጉን ከነሴቶቹ ነቅለው ማውጣት ግድ ሆነ።

በ1912 መጋቢት 1 ቀን ሴቶች በጠጉር እጅ ማሞቂያቸው ውስጥ ትንንሽ መዶሻ ሸሽገው በሎንዶን ታላላቅ የገበያ መንገዶች የሱቆቹን መስኮት ሰበሩ። ከ100 በላይም ታሰሩ። ይህ ሥራ መብቱን አቀረበው ወይስ አዘገየው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ እንፈርዳለን አንልም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ መዶሻው የአንድ ቀን ዜና ነበር፤ ጠመኔው ግን የዓመታት ሥራ ነበር። ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ መዶሻው ስለ ሆነ ትዝታውም ወደ መዶሻው አደላ።

በእስር ቤት ደግሞ ዕቃ ሁሉ ይወሰዳል። ሠዓሊዋ ማሪዮን ዋላስ ደንሎፕ በ1909 ሰኔ ወር፣ ለንጉሥ አቤት ማለት የሕዝብ መብት ነው የሚለውን የ1689ን ሕግ ቃል በማኅተም አድርገው በምክር ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አተሙ። በታሰሩም ጊዜ በሐምሌ ወር እህል አልቀምስም ብለው 91 ሰዓት ጾመው ተለቀቁ። አቤቱታ በወረቀት ጀምሮ በግድግዳ ላይ፣ ከዚያም በገዛ ሰውነት ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሲከተሉአቸው መንግሥት የጐማ ቱቦ እያስገባ በግድ መመገብ ጀመረ። በ1912 በሆሎዌይ እስር ቤት የነበሩ ሴቶች ደግሞ አንድ መሐረብ ተቀባብለው ስማቸውን በክር ጠለፉበት። 66 ስም ያለበት ይህ መሐረብ በሰሴክስ አውራጃ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ቤተ መዘክር ተቀምጦአል። ጠባቂ ባለበት ስፍራ መርፌ ይዞ ስምን መጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ከዕቃዎቹ ሁሉ ይህን መሐረብ እናስበልጣለን፤ በተናጋሪ ቃል ሳይሆን በእያንዳንድዋ እጅ የተጻፈ የስም መዝገብ ነውና።

ከእስር ቤት ውጭ ደግሞ ያለ ድምፅ ግብር አንከፍልም ያሉ ሴቶች ነበሩ። የፐንጃቡ ማሃራጃ የዱሊፕ ሲንግ ልጅ ልዕልት ሶፊያ ግብር ስላልከፈሉ በ1911 የአልማዝ ቀለበታቸው ተወስዶ በሐራጅ ተሸጠ። ገዝተው የመለሱላቸው ወዳጆቻቸው ናቸው።

፮ የዕቃ ምስክርነት ወሰኑ

እስካሁን ዕቃን እንደ ምስክር ጠራን። ነገር ግን ምስክር ሁሉ ይመረመራል። ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

ኤሚሊ ዋይልዲንግ ዴቪሰን በ1911 ሚያዝያ 2 ቀን የሕዝብ ቈጠራ በተደረገበት ሌሊት በምክር ቤቱ ሕንፃ ጸሎት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቀው ያደሩ፣ በዚህም አድራሻቸው ምክር ቤቱ ሆኖ የተመዘገበ ሴት ናቸው። በ1913 ሰኔ 4 ቀን በኤፕሶም የፈረስ እሽቅድምድም በንጉሡ ፈረስ ፊት ገብተው ተመትተው በአራተኛው ቀን ሞቱ። በእጃቸው ከተገኙት ዕቃዎች አንዱ የባቡር መመለሻ ቲኬት ነው። አንዳንዶች ይህን ይዘው «መሞት አላሰቡም» ይላሉ። ሌሎችም «በእሽቅድምድም ቀን ደርሶ መልስ ቲኬት መግዛት የተለመደ ነው፤ ምንም አያስረዳም» ይላሉ። ቲኬቱ የሚነግረን በባቡር መሄዳቸውን ነው፤ የልባቸውን አሳብ ግን አይነግረንም። ዕቃ የማያውቀውን እንዲናገር ማስገደድ የታሪክ ጸሐፊ ታላቅ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ አንድ ፔኒ ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ በ1903 የተሠራ የነሐስ ፔኒ አለ። በንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ መልክ ላይ ፊደሎቹ አንድ በአንድ በብረት ተመትተው «ድምፅ ለሴቶች» የሚል ተጽፎበታል። በመንግሥት ገንዘብ ላይ እንዲህ ማድረግ በዚያ ዘመን ወንጀል ነበር። ፔኒ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ስለ ሆነ ባንክ ለቅሞ ሊሰበስበው አይደክምም፤ ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዳቦ ሻጭ ወደ ሠረገላ ነጂ እየተላለፈ ይሰብካል። ማን እንደ መታው አይታወቅም። በሰው ሁሉ እጅ የሚያልፍ ተራ ዕቃ፣ ስም የለሽ ሠራተኛ፣ ትንሽ ወጪ፣ ረጅም ትዕግሥት፤ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያየነው በዚህ ፔኒ ላይ ነው።

ደግሞም የተረፈው ዕቃ የነበረው ሁሉ አይደለም። በ1926 የቀድሞ ሰፍራጄቶች ኅብረት አቋቁመው መታሰቢያዎችን ሰበሰቡ፤ የሰበሰቡትም በሎንዶን ቤተ መዘክር ይገኛል። ሰብሳቢዎቹ ከሁሉ አስበልጠው ያከበሩት የእስር ቤትን መከራ ስለ ነበረ የእስረኞች ሜዳሊያና ሲልቪያ ፓንክኸርስት የነደፉት የእስር ቤት የደረት ጌጥ በክብር ተጠበቁ። ጠመኔው ግን ከመንገዱ ላይ ታጥቦ ሄደ። የደጅ ለደጅ ፊርማ የለቀመችው ሴት ጫማም አርጅቶ ተጣለ። ስለዚህ በቤተ መዘክር መስተዋት ውስጥ ያለውን ብቻ አይተን ብንጽፍ ብዙ የሠሩትን ሴቶች ሁለተኛ ጊዜ ድምፅ እንነፍጋቸዋለን።

መደምደሚያ

ጦርነቱ ካለቀበት ዓመት በፊት የጀመረው ክርክር በ1918 የካቲት 6 ቀን በሕግ ተዘጋ፤ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ያላነሰና የተወሰነ የንብረት ደረጃ ያሟሉ ሴቶች መምረጥ ተፈቀደላቸው። ከወንዶች እኩል በ21 ዓመታቸው እንዲመርጡ የተፈቀደው በ1928 ነው። ሕጉ በመጀመሪያ ያስቀራቸው ወጣቶችና ድሆች እንደ ሆኑ ልብ እንበል። በቦይ ውስጥ ቆመው ጋዜጣ የሸጡት ወጣቶች፣ በፋብሪካ በር የፈረሙት ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ ሌላ 10 ዓመት ጠበቁ።

ከዚህ ጥናት ያገኘነውን በአጭሩ ለመናገር፣ ሴቶቹ የተገለገሉበት ዕቃ ከሩቅ የመጣ አልነበረም። በቤትና በመንገድ የነበረውን ዕቃ አሠራሩን ሳይለውጡ ዓላማውን ለወጡት። ጠመኔው ያው ጠመኔ ነው፤ ስኒውም ያው ስኒ ነው። የተለወጠው የያዘችው እጅ የምታስበው ነገር ነው።

የእኛስ ነገር? የ1955ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ። የእሳቸው ስም በታሪክ ተጽፎአል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ልትሰጥ ከቤትዋ የወጣችው እናት ምን ለብሳ፣ ማንን አስከትላ፣ በእጅዋ ምን ይዛ ሄደች? በሕይወት ያሉት ዛሬ በእርጅና ዘመናቸው ላይ ናቸው። ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን አንዲት አያት እንጠይቅ፤ በሣጥንዋ ያኖረችው ነገር ካለ እንይ፤ የነገረችንን ቀኑንና ስፍራውን ለይተን እንጻፍ። ጥያቄውን ስንጠይቅም ወንበር ስበን ተቀምጠን፣ ሥራዋን እያገዝናት ይሁን፤ የእንግሊዞቹ ታሪክ እንዳስተማረን ድስቱ ዛሬም የሚጠብቃት እርስዋን ነውና።